የክንዴ መስቀልና የጃፓኖች ፍል ውሃ

ዛሬ እዚሁ ስቶክሆልም፣ በፎጣ እንደተጠቀለልኩ ከፍል ውሃ አስወጡኝ።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ከቤት አልወጣም ስላልኩ ልጄ ሳባ በጃፓን ወግ የተሠራ ባለፍል ውሃ ሆቴል አመጣችኝ። ለኔም ለብቻ የሚዘጋ መታጠቢያ ያዘችልኝ።

«ለምን ለብቻዬ? በሽተኛ ነኝ? ወይስ በኔ አፍረሽ ነው?» አልኳት፣ ሠራተኞቹ ፊት። አማርኛ አይሰሙም ብዬ ነው፤ ቁጣ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።

«አባዬ፣ ቆይ ላስረዳህ» ስትል ጥያት ሁሉም ወደሚታጠብበት የጋራ ገንዳ ሄድኩ።

ገና እግሬን ሳልነክር አንድ ሠራተኛ መጥቶ በጃፓኖች ወግ ንቅሳት ያለው ሰው እዚህ አይገባም አለኝ። ባለንቅሳቱ የት አለ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ሰውዬው ክንዴን አሳየኝ። እናቴ በልጅነቴ ያስነቀሰችኝ መስቀል ነው። ንቅሳት የዘመኑ ልጆች ነገር እንጂ የኔ መስቀል መች ንቅሳት መሰለኝ!

ስወጣ ሳባ ጎንበስ ብላ ስለኔ ይቅርታ ትጠይቃለች። ለካ ለብቻ የያዘችልኝ መስቀሌን አይቶ ማንም እንዳይመልሰኝ ነበር።

«ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?»

«መቼ አስጨርሰኸኝ ታውቃለህ፣ አባዬ?»

አሁን ከጎኔ ባለው ክፍል ውስጥ ናት። ይቅርታ ከአፌ አልወጣ ቢለኝ፣ ታነበዋለች ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

እናንተስ፣ ልጃችሁን ሳትሰሙ ተቆጥታችሁ ያፈራችሁበት ቀን የለም? ካለ ጻፉልኝ፤ እሷም ታንብበው።