የአባቷ ጊታር ፒካፕ

ሰፈሩ «ሽቦ» እያለ የሚጠራው ሬዲዮ ጠጋኝ ሙያውን የተማረው ከተበላሹ ሬዲዮኖች ነው። ማንም ሳያስተምረው ሠላሳ ዓመት በእጁ ሥራ ኖሯል፤ ፈጣሪውን ሳያመሰግንም ሱቁን ከፍቶ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእህቱ ልጅ የሟች አባቷን ኤሌክትሪክ ጊታር አዝላ ከች አለች።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ! የባንዱ መሪ፣ የጊታርሽ ድምፅ ታፍኗል፣ ፒካፑን ካልቀየርሽ በዚህ ጊታር መድረክ አትወጪም አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልምምድ አለን።»

ፒካፕ የሚሉት ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚያሻግረውን ማግኔት ነው።

«ሰውዬው ጆሮውን ለምን አይቀይርም?»

«አትቀልድ ጋሼ! ፒካፑ ከተቀየረ እኮ የአባዬ ድምፅ አይደለም።»

ሽቦ ቀልዱን ትቶ ሥራውን ጀመረ። የዛጉትን ክሮች በአዲስ ለወጠ፤ የድምፅ መቆጣጠሪያውን አቧራ አጸዳ። ትንሽ ጠራ። ወፍራሞቹ ክሮች ግን ሲመቱ አጓርተው ወዲያው ይሞታሉ። ጊታሩን በጎን አዙሮ ቢያይ፣ ፒካፑ ክሮቹን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ፊቱ ጋለ። ከዓመታት በፊት አማቹ፣ የልጅቷ አባት፣ «ድምፁ አነሰብኝ» ቢለው፣ በቀረበ ቁጥር ይጮኻል ብሎ ብሎኖቹን እስከ ጥግ አጥብቆ ፒካፑን ወደ ክሮቹ ያስጠጋው እሱ ራሱ ነበር። ማግኔቱ ክሮቹን እየሳበ እንደ ልብ እንዳይንቀጠቀጡ ይዟቸው ኖሯል። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የኔ ልጅ» አላት።

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። «አባዬ እኮ ያውቅ ነበር! ሽቦ ከነካው ወዲህ ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም ይል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እንዳይከፋህ ብሎ ነዋ።»

ሽቦ ዓይኑን ጠረግ አድርጎ ካቻቢቴውን አነሳ። ብሎኖቹን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያላላ፣ እሷ በመታች ቁጥር ጆሮውን እየጣለ ፒካፑን ዝቅ አደረገው፤ በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ደግሞ ይበልጥ። በመጨረሻ አንዱን ክር ብትመታው ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ቆየም። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው እስኪያልቅ አዳመጡት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ሱቁን ዘግቶ ወደ ልምምዱ አብሯት ሄደ። አንድ ዜማ እንደተጫወተች የባንዱ መሪ እጁን አንስቶ ሁሉንም አስቆመ።

«ይሄን የመሰለ ፒካፕ ከየት አገኘሽ?»

«የድሮው ነው። አጎቴ አስተካከለው።»

ሽቦ ከበሩ ሥር ደረቱን ነፍቶ፣ «ያበላሸሁትም እኔው ነኝ!» አለ።