አንድ ስንዝር ከአራት ጣት

ትናንት በደረጃው ስወርድ አንድ ጎረቤት የበር ማጠፊያ ሲሞርድ አገኘሁት። የተሞረደ ብረት ሽታ ሲመታኝ እግሬ ቀጥ አለ። ያቺ ነጭ መኪናዬ፣ ከሕንፃው ሥር የነበረው ጥላ፣ የአባቴ መዶሻ ድምፅ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ።

መኪናዋን የገዛኋት የውትድርና ግዴታዬን ጨርሼ ሥራ እንደያዝኩ ነበር። በዕድሜ ከኔ ብዙም አታንስም። ያኔ ከፊት ጎማዎቹ ኋላ፣ በግራና በቀኝ፣ ቆርቆሮውን ቀድደው የሚገጥሟቸው ጥቁር የአየር መውጫዎች ነበሩ። ሞተሩ ሙቀቱን ይተነፍስባቸዋል ይባላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የፈለግሁት መልኩን ነው። በፖስታ አስመጣሁና በገዛ እጄ ልገጥማቸው ቆረጥኩ።

አባቴ በዚያን ጊዜ ወገቡን ታሞ ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። ጎንደር ሳለ ሥራው ምን እንደነበር ስንጠይቀው፣ ገበሬ ነበርኩ ይለን ነበር።

የግራውን ጎን እኔ ቀደድኩ። እቤታችን ሜትር የሚባል ነገር የለም፤ የመጋረጃውም የአልጋውም ልክ በስንዝርና በክንድ ነው። ከበሩ ጠርዝ ተነሥቼ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ለካሁ፣ በማሽን ቆረጥኩ፣ ገጠምኩ። በነጋታው ወደ ሥራ ስሄድ አባቴ ወርዶ ልኩን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቆርቆሮ እንዴት እንደሚቀደድም ቆሜ አስረዳሁት። ለካ ለቀባሪው እያረዳሁ ነበር።

ከሰዓት ስመለስ የቀኙ ተቀድዶ ጠበቀኝ። የኔ ጠርዝ ተቦጫጭቋል፤ የሱ በመሮና በመዶሻ ተቆርጦ፣ በሞረድ ተስተካክሎ፣ ጣት ቢሄድበት አይቧጥጥም። ግን ግራውን አይቼ ዞሬ ቀኙን ባይ፣ የሱ ሦስት ጣት ያህል ወደ ፊት ሄዷል። በራሱ ስንዝር ነዋ የለካው! የሱ እጅ ሰፊ፣ የኔ ጠባብ።

እዚህ አገር ስላደግሁ፣ ስናደድ አፌን የሚቀድመው ዕብራይስጥ ነው። "አባ፣ ሃራስታ ኦታ" አልኩት፤ አበላሸሃት ማለቴ ነው።

መሮውን ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። "የኔን እደፍነዋለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ያን ሁሉ ዘመን እጄን ሰብስቤ፣ ዛሬ ምን አስነሣኝ?"

እናቴ ከመግቢያው በር ላይ ሆና ሰምታ ነበር። ወደ ጎን ሳበችኝ። "አባትህ እኮ ቀጥቃጭ ነበር" አለችኝ። "ጎንደር ሳለን የሠራውን ማረሻና ማጭድ ይወስዱና፣ ዞረው ቡዳ ይሉታል። እዚህ አገር ስንገባ መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሁለተኛ ብረት አልነካም ብሎ ማለ። ላንተ ሲል ነው የነካው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ መሣሪያዎቹን በጨርቁ መጠቅለል ጀምሮ ነበር። ያ ጨርቅ አንዴ ከታሰረ እንደማይፈታ ገባኝ። መሮውን መልሼ እጁ ላይ አደረግሁለት።

"የሚደፈነው የኔ ነው" አልኩት፣ በአማርኛ። "ልኩ ያንተ ነው።"

የኔ ቀድሞ ተገጥሟል ብሎ ሊከራከረኝ ሞከረ። አሻፈረኝ አልኩ። የገጠምኩትን ነቅዬ፣ ቀዳዳዬን በሱ ስንዝር ወደ ፊት አሰፋሁት። ከኋላ የተረፈውን ክፍት እሱ ሊጥፈው ተነሣ። አንዴ ከተነሣ ደግሞ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ወገቡን በመቀነት አስሮ፣ ከተጣለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቀጠቀጠ። አንዲት ጎረቤት ጩኸቱ ሰልችቷት ከመስኮት ተቆጣች። ድሮ ቢሆን አንገቱን ይደፋ ነበር። ያን ቀን ቀና ብሎ፣ ሰንበት ሳይገባ እንደሚጨርስ ነገራትና መዶሻውን አነሣ።

ዐርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰ። ቀለም ከተቀባ በኋላ መጣፊያውን ዳስሼም አላገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ሥራውን ለጠየቀው ሁሉ፣ ቀጥቃጭ ነኝ ይል ጀመር።

አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። መኪናዋም አርጅታ ለቁርጥራጭ ስትሄድ የቀኙን ቆርቆሮ ብቻ ፈትቼ አስቀረሁ። ትናንት ያ ሽታ ቤቴ ድረስ ተከተለኝና ከበረንዳው ጥግ አወጣሁት። በበሩ በኩል ካለው ጠርዝ ተነሥቼ ወደ አባቴ ቀዳዳ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ለካሁ።

አሁንም ሦስት ጣት ይቀረኛል።