ሊሸጥ የተለሰነው ቤት

የቀለም ሽታ አፍንጫዬን ከያዘው ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ልጄ ቀለም ቀቢ ይዛ መጥታ፣ እዚህ ቴፒ ያለውን ቤቴን ከውስጥም ከውጭም ነጭ እያስቀባችው ነው። ሊሸጥ ነው። እኔም ከእሷ ጋር ሚዛን ከተማ ልኖር ነው። «ብቻህን አትችልም አባዬ» አለችኝ፤ እሺ አልኳት። እሺ ማለቴን አውቃለሁ፤ መቼ እንዳልኩ ግን ጠፍቶብኛል።

ትናንት ከሰዓት ዝናብ ጣለና የደጁን ቀይ አፈር አራሰው። የእርጥቡ አፈር ሽታ በመስኮት ገብቶ ከቀለሙ ጋር ሲደባለቅ፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ለምን እንደተነሣሁ ለራሴም አልገባኝም። የት ነበር ይህ የሸተተኝ እያልኩ ቆየሁ። በኋላ መጣልኝ። ሚዛን ነው፤ ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ቢሆን ነው።

እናቴ ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ግን ዝናብ በሚመታው በኩል ተፈርፍሮ ማገሩ ብቅ ብሏል። አባቴ ድሮም ወሬ የማያበዛ ሰው ነው፤ ከእናቴ በኋላማ ጭራሽ ድምፁ ጠፋ። አንድ ቀን ከገበያ ተመልሶ፣ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ፣

«ለጎረቤት ሁሉ ንገር፤ ቅዳሜ ደቦ ነው። ቤቱን እንለስነዋለን» አለኝ።

«እሺ አባባ» ብዬ ወጣሁ። ለምን አላልኩም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገርህ። በኛ ሰፈር ሰው ተጠራርቶ የሰው ቤት የሚለስነው በሁለት ነገር ነበር፤ ወይ ሐዘን ሲወጣ፣ ወይ ሙሽራ ሲገባ። የኛ ሐዘን ወጥቷል። ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? ይህን እኔ ብቻ አይደለም ያሰብኩት፤ የነገርኩት ሰው ሁሉ ነው ያሰበው።

መጀመሪያ የሄድኩት ከአጥራችን ወዲያ ያለው ጎረቤታችን ቤት ነው። ሚስቱ ደጅ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጣለች። መልእክቱን ስነግራት ቢላዋውን አስቀምጣ ሳቀች።

«አባትህ መቼም አፉን የከፈተ ዕለት ነገር አለው! በል ደረስክልን በላ!»

«ኧረ ልስን ብቻ ነው» አልኳት።

«ልስን ብቻ! ስሙት እስቲ ይኼን ልጅ!»

ልጇ በዚያው ቅጽበት ውሃ ቀድታ ከወንዝ ገባች። እንስራዋን ሳታወርድ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። አብረን ነው ያደግነው። ከዚያ ቀን በፊት ሚስቴ ትሆናለች ብዬ አስቤ እንደሆን አሁን ለይቼ ልነግርህ አልችልም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አባቴ ከአባቷ ጋር ተነጋግሮ የጨረሰ መሰለኝ። አባቷ ደግሞ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ቤቱ ከተለሰነ በኋላ ሽማግሌ ይመጣል ብሎ ይጠብቅ ኖሯል። ልጅቷ እኔ አባቴን የለመንኩት መስሏታል። ሁላችንም የምናውቅ መሰለን፤ ማናችንም ማንንም አልጠየቅንም።

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋጉ ከቡናው ሥር ሳይነሣ ሰው ግቢያችንን ሞላው። ሴቶቹ ጨሞ አፍልተዋል። ጨሞ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው፤ ዝንጅብልና ቃሪያ ተወቅጦ ይገባበታል፤ እሱን በቅል ሳይጠጣ ወደ ሥራ እጁን የሚሰድ ሰው በኛ ዘንድ የለም። ጎረቤታችን ቅሉን በሁለት እጁ እንደያዘ ተነሥቶ መረቀ።

«ይህ ቤት ልጅ ይሙላበት። የምትገባበት ወልዳ ትሳምበት። እሳቱ አይጥፋ።»

«አሜን» አለ ሰው ሁሉ። አባቴም «አሜን» አለ። መሬት መሬት እያየ ነበር። እኔ እፍረት መሰለኝ፤ ሚስቱን የቀበረ ሰው በልጁ ሠርግ ብቻውን ሲቆም እንዲህ ያደርገዋል ብዬ አዘንኩለት።

ወንዶቹ ጉልበታችን ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተን ከሣር ጋር ረገጥነው። ቀዝቃዛ ነው፤ በጣቶችህ መሃል ሽቅብ ይወጣል፤ ሽታው ደግሞ የዝናብና የከብት በረት ነው። አንዱ ጎረምሳ ከወዲያ፣

«ሙሽራው! በደንብ ርገጥ እንጂ! ኋላ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሚስትህ በሽንቁሩ ታመልጥሃለች!» አለ።

«አንተን ብታገባ ነው በሽንቁር የምታመልጠው» አሉት ሴቶቹ፤ «እሱንማ በሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።»

ልጅቷ ከውስጥ በኩል ከሚለስኑት ጋር ነበረች። በመዳፏ ግድግዳውን ታሻሸዋለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ቀይ ነው። ጭቃ ተሸክሜ ስገባ ሳታየኝ፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረች፣

«ይኼ መስኮት ጠቧል። እዚህ ክፍል ቀን እንኳ አይነጋም» አለች።

«ይስፋ?»

«እኔ ምን አገባኝ። የእናንተ ቤት አይደል።» ቀና ብላ ግን ሳቀች።

መጋዝ አምጥቼ ማገሩን ቆርጬ መስኮቱን አሰፋሁት። አባቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ሲያየኝ ቆየ። ይቆጣል ብዬ ነበር። አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ከውጭ የገባውን ብርሃን አየና «ይሁን» ብሎ ሄደ። «ይሁን» ስላለ ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለኝ። ምን ማለቱ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አባዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ በል፤ ፎቶው ውስጥ ገባህ» አለችኝ ልጄ አሁን። ስልኳን ይዛ ክፍል ለክፍል ትዞራለች፤ ደላላው ቴሌግራም ላይ ሊለቀው ነው። እሱም ትናንት «አባቴ፣ ገዢ ሲመጣ እርስዎ ዝም ይበሉ» ብሎኛል። ባለፈው ለመጣው ገዢ ጓዳው እንደሚያፈስ ነግሬው ኖሯል። የሚያፈሰውን አያፈስም ይባላል እንዴ? እኔ እንጃ። ብቻ ፈቀቅ አልኩላት። ወዴት ፈቀቅ እንደምል ግራ ገብቶኝ ደጅ ወጣሁ።

የት ደረስኩ? አዎ፤ ልስኑ ደረቀ። ማክሰኞ ዕለት ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዱ ካፖርት ለብሷል፣ ሌላው ከዘራ ይዟል። አባቴ ተቀብሏቸው ቤቱን ያዞራቸው ጀመር። ባለከዘራው ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፤ ባለካፖርቱ «ይኼው እየው፣ ቤተ መንግሥት ነው! ብርሃኑ ብቻ!» ይላል። እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ሽማግሌዎች መሰሉኝ። አባቴ ከሩቅ ያስመጣቸው፤ ለልጅቷ አባት «ቤት አለው፣ አይተነዋል» ብለው እንዲናገሩ አስቀድመው የሚያዩ መሰሉኝ። ሮጬ ሄጄ እግራቸውን ማጠቢያ ውሃ አመጣሁላቸው። ባለካፖርቱ «ልጅህ ጨዋ ነው» አለው አባቴን። ክንፍ አወጣሁ።

ከዚያ ሦስቱም አጥሩን ዞረው ወደ ጎረቤታችን ግቢ ገቡ። እኔም ተከተልኩ። ሙሽራ ሽማግሌ ተከትሎ እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ግን እግሬን መያዝ አቃተኝ።

የዚያ ቤት ሰዎችም አይተዋቸው ኖሯል። በምን ፍጥነት እንዳደረሱት እንጃ፣ ወለሉ ላይ ሣር ተጎዝጉዟል፤ ልጅቷ ጓዳ ገብታ መጋረጃው ተለቋል። ጎረቤታችን ጋቢውን አጣፍቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ» አላቸው።

«አይ፣ አንቀመጥም» አለ ባለካፖርቱ። «ለጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን ይለቅና እንቀመጣለን።»

ሽማግሌ የሚለው ይኸንኑ ነው፤ ቃል በቃል ይኸንኑ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሳይሰማ አይቀመጥም። የልጅቷ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ዓይኗ ሲስቅ አየሁት። ጎረቤታችን ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ወጉ፣

«እንግዲህ ጉዳያችሁን ንገሩን» አለ።

«ወሰኑን እንዲያሳዩን ነው። ምስክርም እንዲሆኑ።»

«የምን ወሰን?»

«የቤቱ ነዋ! የእኚህ የጎረቤትዎ። እኔ ደላላው ነኝ፤ እኚህ ከጅማ በኩል የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሊገዙት ነው።»

ጓዳ ውስጥ አንዳች ድምፅ ይሰማ እንደሆን ጆሮዬን ጣልኩ፤ ምንም የለም። ጎረቤታችን አባቴን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው።

«ልትሸጠው ነው እኛን ጭቃ ያስረገጥከን?»

«ያልተለሰነ ቤት ገዢ አያይም አለኝ ደላላው» አለ አባቴ።

«ታዲያ ብትነግረን ምን ነበረበት?»

«ልነግራችሁ ነበር።»

«መቼ? እኔ ቆሜ ስመርቅ አሜን አላልክም?»

«አልኩ።»

«በደቦ የምንለስነው ለሚኖርበት ሰው ነው ወንድሜ። የሚሸጥ ሰው ቀጥሮ ያስለስናል። ጎረቤቶችህን አብረህ ሸጥከን እኮ።»

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ለተንኮል አልነበረም። ይህን ስልህ አባቴ ስለሆነ አይደለም፤ ቀጥሮ ማስለሰን የሚባል ነገር በሐሳቡ ስላልመጣ ነው። ጭቃ ካስፈለገ ጎረቤት ይጠራል፤ የሚያውቀው ይኸን ብቻ ነው።

ጎረቤታችን ግን ወጣና ወሰኑን አሳየ። ከእንሰቱ መደዳ እስከ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ እስከ መንገዱ፤ አንዲት እርምጃ አልሸረፈ፣ አንዲት አልጨመረ። ነጋዴው «ግድግዳውስ ደህና ነው?» ሲለው፣ «የሠራነው እኛ ነን። አይሰነጠቅም» ብሎት ጀርባውን ሰጥቶ ገባ።

ሰዎቹ ሲሄዱ እኔና አባቴ ግቢያችን ካለው አቦካዶ ዛፍ ሥር ቀረን። ጉንዳን በእግሩ ላይ ሲሄድ አያራግፈውም።

«ልጅቷን ትፈልጋት ነበር?» አለኝ።

ጉንዳኑን ከእግሩ ላይ አራገፍኩለት።

«መስኮቱን ስታሰፋ ጠርጥሬ ነበር። ልጠይቅህ አስቤ ነበር።» ቀና ብሎም፣ «ቀብድ አልተቀበልኩም። ካልክ ይቀራል። እኔ እንደምንም ብዬ እኖርበታለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። እናቴ ከሞተች በኋላ አልጋቸው ላይ ተኝቶ እንደማያውቅ አስታወስኩ፤ ዓመት ሙሉ ደጅ ባለው መደብ ላይ ነበር የሚያድረው። ወንድሙ ቴፒ አጠገብ የቡና መሬት ይዞ ና ና ይለዋል። እኔ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትጠበቅብኝ። አዎ ማለት። አዎ ብል፣ እሱ እንደምንም ብሎ በዚያ ቤት ሊኖር ነው። እንደምንም ማለት ምን እንደሆነ ዓመት ሙሉ አይቻለሁ።

«እኔ እንጃ አባባ። እንደፈቀድክ» አልኩት።

ለእሱ ብዬ ነው ወይስ ፈርቼ? ስንት ጊዜ መላልሼ አስቤዋለሁ መሰለህ፤ አንዳንድ ቀን እንደዚያ፣ አንዳንድ ቀን እንደዚህ ይመስለኛል። ኋላ ቴፒ መልካም ሴት አግብቼ ልጆች ወልጃለሁ፤ ነፍሷን ይማር፤ በእሷ ቅር ያለኝ ቀን የለም። ልጅቷም ሸኮ ወረዳ ሄዳ አገባች ሲባል ሰምቻለሁ። ነገሩ ይኼው ነው። ግን ሲያስቡት ግራ ያጋባል።

የሄድን ዕለት ጠዋት የጭነት መኪናው ደጃችን ቆመ። ዕቃችንን እኔና አባቴ ብቻችንን ልንጭን ነበር፤ ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ጨሞ ጠጡ ብሎ የጠራን ሰው የለምና። የመጀመሪያውን ሣጥን ሳነሣ በወዲያኛው ጫፍ የሌላ ሰው እጅ አየሁ። ጎረቤታችን ነው። አላናገረኝም። ከኋላው ሌሎቹ መጡ፤ ያ ቀልደኛ ጎረምሳም መጣ፤ ሳይቀልድ ጫነ። አልጋውን አፈራርሰው ጫኑ፤ የእናቴን ወፍጮ ለሦስት ተሸክመው ጫኑ። ሲጨርሱ ጎረቤታችን የአባቴን እጅ ያዘና ቶሎ አልለቀቀውም። ልጅቷ አልነበረችም። ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች አሉ።

መኪናው ሊነሣ ሲል የልጅቷ እናት በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ ወደ እኔ በኩል መጣች። ቆጮው ትኩስ ነው፤ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና ተንጠራርታ፣ በጆሮዬ፣

«እኛ እኮ እሺ ልንል ነበር፣ የኔ ልጅ» አለችኝ።

አባቴ ከአጠገቤ ነው የተቀመጠው፤ በሞተሩ ድምፅ አልሰማትም። ቁልቁለቱን ወርደን ስንጨርስ፣

«ምን አለችህ?» አለኝ።

«በደህና ግቡ አለችን» አልኩት።