ወንድሜ የሚከፍታቸው ኮፈኖች

ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ የሞተር ዘይት ሲሸተኝ፣ ወንድሜ ኤፍሬም በሕይወት የነበረበት የመጨረሻው ቅዳሜ ይመጣብኛል። ባሕር ማዶ በምንኖርባት ፌደራል ዌይ ከተማ፣ አፓርታማችን ፊት ለፊት፣ አዲሱን መኪናውን ፓርክ አድርጎ ኮፈኑን ከፍቶ ነበር። የፊት መብራቱ አምፖል ተቃጥሎበት ነው።

ልጅ ሳለሁ አሮጌ መኪና ነበረችን። ዊንተር ላይ ባትሪዋ ሲደክም ኤፍሬም የፈላ ውሃ ይዞ ይወርድና፣ ባትሪው ጫፍ ላይ የበቀለውን ነጭ ዝገት እያጠበ፣ እኔን ጃንጥላ ያስይዘኝ ነበር፤ ጃንጥላው ግን ለባትሪው ነው፣ እሱ ይበሰብሳል። ሰመር ሲገባ ከሥሯ ተንጋሎ ዘይት ይቀይር ነበር። እጁ የማይደርስበት ቦታ አልነበራትም። ጎረቤቶቻችንም የራሳቸውን እያመጡ ያሳዩት ነበር፤ ማንንም እንቢ አይልም።

በኋላ ኤርፖርት ታክሲ ሊሠራበት አዲስ መኪና ገዛ። ሞተሩ በፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ባትሪው እንኳን ሲቀየር ለኮምፒውተሩ መነገር አለበት ይባላል። ዛሬ እኔም የምነዳው እንደዚያ ያለ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሲበራብኝ ጋራዥ ወስጄ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ስሜ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። ምን እንደነካው አላውቅም። ለማወቅም ደክሞኛል።

ያን ቅዳሜ ኤፍሬም ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቶ አይቶ፣ «ሶ ለአንድ አምፖል ባምፐሩ በሙሉ ይፈታ ነው የሚለው! ጥርስ ለመንቀል አንገት መቁረጥ እኮ ነው» አለ።

«ጋራዥ ውሰደውና እረፍ፣ ኦኬ?» አልኩት።

«ኦኬ፣ ጌታዬ!» ብሎ አሾፈብኝና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ደከመኝ ባክህ።»

«አርጅተሃላ!»

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሳቅን። ምን ሆነህ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ከሰዓት በኋላ ኤርፖርት መንገደኛ ሲጠብቅ ልቡ ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ለቀስተኛ ሳይበዛ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ቄሱን ከኦቴሎ ሰፈር ሊያመጡልን ወረዱ። የአሮጌ ፒካፓቸው ማስነሻ አልፎ አልፎ እያስቸገራቸው፣ ኤፍሬም በሚመጣው ሳምንት ሊሠራላቸው ነበር። አልነሳ ስትላቸው አንገታቸውን ወደ ሦስተኛው ፎቅ፣ ወደ ቤታችን ቀና አድርገው፣ እንደ ልማዳቸው ተጣሩ።

«ኤፍሬም! አንተ ኤፍሬም!»

እናቴ ማልቀሷን አቁማ፣ እሱ የሚገባ ይመስል በሩን አየች።

ወረድኩ። ጋሽ ታደሰ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ... ይቅር በለኝ።»

«ግድ የለም ጋሼ፣ ይግቡ። ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡና፣ ስጮህልዎት ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ።»

ከኋላ ሆኜ ቁልቁለቱን ገፋሁ። አዲሶቹ መኪኖች ተገፍተው አይነሱም፤ ያቺ ግን ሁለቴ አንገራግራ ተነሳች። ጋሽ ታደሰም አልቆሙም፣ ከቆሙ ሞተሯ ይጠፋባቸዋል፤ አንድ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው፣ እያለቀሱ ነዱ። እስኪታጠፉ ድረስ አየኋቸው። ከዚያ ደረጃውን ወጥቼ፣ እናቴ በምታየው በር እኔ ገባሁ።