በየወሩ በሚካኤል

ጋሽ ልደቱን ያወቅኳቸው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ያወቅኳቸውም ጮሄባቸው ነው። ያኔ ከቀበና ወንዝ ከፍ ብላ በተሠራች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ መርፌ ክፍል እሠራ ነበር። ሲስተር ሰርክ ይሉኛል። በሠፈሩ ከስሜ ይልቅ ቁጣዬ ይታወቅ ነበር፤ አልዋሽም።

እሳቸው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦ ጫካ ሥር፣ አጠና እየቆረጡ የሚሸጡ ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ አንዲት ልጃቸውን ሥርጉትን ብቻቸውን ነው የሚያሳድጉት። ያን ቀን የዘጠኝ ዓመቷን ልጅ አዝለው መጡ። ጉልበቷ አብጦ መቆም አቅቷታል፤ ስትተነፍስ ትከሻዋ አብሮ ይነሳል።

"መቼ ጀመራት?" አልኳቸው።

"ጉሮሮዋን ካመማት ወር ሊሞላው ነው። እንጥሏን አስቆረጥኳትና ተሻላት። ከዚያ ቁርጭምጭሚቷን አመማት፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጉልበቷ ዞረ። ቁርጥማት ነው ብዬ ቅቤ አሸኋት።"

እንጥል ማስቆረጥ ሲባል ደሜ ይፈላል። በተሰለፈው ሰው ፊት ጮህኩባቸው። እንዴት ሕፃን ልጅ ይዘው ጉሮሮ በምላጭ ወደሚቆርጥ ሰው ይሄዳሉ፣ ሐኪም አገር ጥሎ ሄዷል ወይ፣ ያልኩት ብዙ ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው እስክጨርስ ጠበቁኝና፣ "እሺ ልጄ፣ እኔን ተቆጪኝ። እሷን ግን እዪልኝ" አሉ።

ልጅቷን ከጀርባቸው ተቀበልኳቸው።

ልጅቷን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክናት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሽሏት ስትወጣ፣ ወረቀቷ ላይ የልቧ በር መጎዳቱ ተጽፎ ነበር። ጋሽ ልደቱ ወረቀቱን ይዘው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። የተቆጣ ሰው አይዋሽም ብለው ይሆናል፣ አላውቅም።

"ጉሮሮና ልብ ምን አገናኛቸው?" አሉኝ።

በምችለው አስረዳኋቸው። ጉሮሮ ውስጥ የገባችው ተህዋስ ቶሎ በመድኃኒት ካልጠፋች ሰውነት ሊዋጋት ይነሳል። ሲዋጋ ግን ጠላቱን ከራሱ አካል መለየት ያቅተዋል። መገጣጠሚያን ይመታል፣ ልብንም ይመታል። መገጣጠሚያው ይድናል። የልብ በር ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል፤ በደንብ አይከፈትም፣ በደንብም አይዘጋም።

"ማጠፊያው እንደላላ በር ነዋ" አሉ።

"አዎ።"

"ማጠፊያው አይቀየርም?"

"ውጭ አገር ይቀየራል ጋሽ ልደቱ። እኛ የምንችለው እንዳይብስ መጠበቅ ነው። ጉሮሮዋን እንደገና ካመማት ልቧም እንደገና ይጎዳል። እንዳያማት በየወሩ መርፌ ትወጋለች።"

"እስከ መቼ?"

ይሄን ስናገር ወላጅ ሁሉ ያለቅሳል። ዓይናቸውን ላለማየት መርፌዎቼን እያስተካከልኩ፣ "ምናልባት እስከ አርባ ዓመቷ" አልኩ።

"እስከ አርባ ዓመቷ ትኖራለች ማለት ነዋ!" አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው።

ቀኑን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ ሚካኤልን ተሳልመው ልጃቸውን ይዘው ወደ እኔ ይወርዳሉ። እንዲህ ከሆነ መቼም አይረሱትም። እኔም ካርዱ ላይ "በየወሩ በ12" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ስለዚህ ዝም አልልም ነበር።

"ጋሽ ልደቱ፣ ሚካኤል መርፌ መውጋት ጀመረ እንዴ?"

"እሱ ያመጣታል፣ አንቺ ትወጊያታለሽ። ሥራችሁን አትቀላቅይ" ይሉኛል።

መርፌው ወፍራም ነው፣ ያማል። ብልቃጡን በመዳፌ እያሞቅኩ አዋራታለሁ፤ ጋሽ ልደቱ ደግሞ እጃቸውን ይሰጧታል። ስትጨምቃቸው "ኧረ ሰበርሽኝ!" እያሉ ከእሷ በላይ ይጮኻሉ። ሥርጉት ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ እኔም ሥራዬን እጨርሳለሁ። አሥራ ሁለት እሑድ ሲውል ከኳየር ልምምድ ሹልክ ብዬ እየመጣሁ ወግቻታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልቀሩም።

ግን መስከረም ሲያልቅ ልጅቷ ትንሽ ታነክሳለች፣ ትንሽ ትደክማለች። ክረምቱ ነው እንላለን። እንጦጦ ሥር የክረምት ብርድ ምን እንደሚመስል ለጠየቀን ሰው ሁሉ እናወራለን።

በ1996 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ በኋላ ግን ማነከስ ብቻ አልሆነም። ትኩሳት ያዛት፣ ሁለቱም ጉልበቶቿ አበጡ፣ ተኝታ መተንፈስ አቃታት። ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሙ ጋሽ ልደቱን "አንድ ወር ዘላችኋል" አላቸው። አልዘለልንም አሉት። ካርዱን አላየላቸውም። ወጣት ነው፣ ቸኩሏል፣ እንደ እኔ ነው።

ካርዱን ይዘው ወደ እኔ መጡ። "ሲስተር፣ ዘለልን እንዴ? እኔ እያረጀሁ ነው፣ ንገሪኝ።"

ፊርማዎቼን አየሁ። ሐምሌ 12፣ ነሐሴ 12፣ መስከረም 12። አንድም አልጎደለም ልላቸው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው ነሐሴ ላይ ዓይኔ የቆመው። ከነሐሴ የቀረው አሥራ ስምንት ቀን። ያለፈችው ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። ከመስከረም አሥራ ሁለት። ሠላሳ ስድስት ቀን! መድኃኒቱ የሚይዘው ግን ሃያ ስምንት ቀን ነው። ትምህርት ቤት ሃያ ስምንት ብለው አስተምረውኛል፣ ፈተና ላይ ሃያ ስምንት ብዬ ጽፌያለሁ። ካርዱ ላይ ሲሆን ግን "በየወሩ" አልኩ። ጳጉሜ ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን የለም፣ ሚካኤልም የለም፤ ልጅቷ በየዓመቱ አዲሱ ዓመት ገና ሳምንት ሳይሞላው ያለ መድኃኒት ትቀር ነበር።

"አልዘለላችሁም" ብቻ አልኳቸው። ፈራሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የጮህኩባቸው እኔ፣ በተራዬ አንድ ቃል መናገር ከበደኝ። እሳቸው "እንግዲያው ኃጢአቴ ነው" ብለው ሄዱ።

ሁለት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ሆስፒታል ሄድኩና አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ልደቱ በጣታቸው ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ።

"ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ" አሉ።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተማርኩትም እኔ ነኝ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ እንጂ ሚካኤል ካልሆነ ያልኩት።"

"ጋሽ ልደቱ፣ ጥፋቴን አይውሰዱብኝ!"

ድምፃችን ከፍ ብሎ ኖሯል። ሥርጉት ኦክስጅኑን ከአፍንጫዋ ፈቀቅ አድርጋ፣ "ሁለታችሁም ዝም በሉ፣ ሰው ተኝቷል" አለችን። ትንፋሿን ሰብስባ ደግሞ፣ "ከአሁን በኋላ እኔ እቆጥራለሁ" አለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ቆጠረችም። ሃያ ስምንት ቀን አራት ሳምንት ነው፤ ስለዚህ በየአራተኛው ሐሙስ ትመጣለች፤ ወሩ ምንም ይሁን። ጋሽ ልደቱ በአሥራ ሁለት ብቻቸውን ይሳለማሉ፣ ሐሙስ ከልጃቸው ጋር ይመጣሉ። ልቧ ግን ወደ ድሮው አልተመለሰም። የቤታቸውን ዳገት ሦስት ቦታ ላይ አርፋ ነው የምትወጣው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ቢሆንም ትምህርቷን ጨርሳ ኮተቤ መምህርነት መማር ጀመረች።

በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የመርፌ ክፍሉን በር ስከፍት ጋሽ ልደቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላ ለብሰዋል። ብቻቸውን ናቸው።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በመርፌ ቀን ብቻቸውን መጥተው አያውቁም። ቀና ብለው አዩኝ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ በሩን ተደግፌ ማልቀስ ጀመርኩ። ሰልፈኛው ሁሉ ያየኛል።

ደንግጠው ተነሱ። "ምነው ሲስተር? ምን ሆንሽብኝ?"

"ሥርጉት..." አልኩ።

"ፈተና አለባት፣ በአምስት ሰዓት ትደርሳለች። ወረፋ ልያዝላት ብዬ ነው" አሉና ክንዴን ያዙኝ። "አንቺን ምን አገኘሽ? ማን ሞተብሽ?"

"ማንም" አልኳቸው። "ማንም አልሞተብኝም ጋሽ ልደቱ።"