ለማልጠጣው ውሃ የሰጠሁት ድምፅ

እኔ ቤቴ ሦስት ቦታ ነው። አንዱ ልጄ ሰበታ፣ አንዱ ሱሉልታ፣ ሴቷ ቡራዩ። አንዱ ጋ ስሰነብት ሌላው ይናፍቀኛል፤ ጓዜ ደግሞ አንድ ዘንቢል ነው።

ያን ዓመት ግን ቡራዩ ተተከልኩ። ልጄ የተከራየችው ቤት ከገፈርሳ ግድብ ብዙ አይርቅም። ውሃውን እናየዋለን እንጂ አንጠጣውም፤ ቧንቧችን ጠብ የሚለው ደስ ሲለው ነው። የምርጫ ተወዳዳሪው በየደጁ እየዞረ ውሃ አስገባለሁ ይላል። ነጠላዬን አየና «ደህና ነዎት እማማ?» ብሎ ቃሉን ገባልኝ። ከጎረቤቴ ጋር በኦሮምኛ ስንጫወት ሲሰማ ደንገጥ አለና «አካም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታውን ከነቃሉ እንደ አዲስ ጀመረው። አንዱን ውሃ ሁለቴ ከሰጠኝማ ልምረጠው አልኩ።

ለመመዝገብ ታዲያ እዚያው ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል ተባለ። የሰበታው ልጄ በስልክ ተነጫነጨ። «እማዬ፣ ለምርጫ ብለሽ ረሳሽን?»

«ውሃው ሲመጣ መጥተህ ትታጠባለህ» አልኩት። እንደ ምንም ስድስት ወሩን ሞልቼ ተመዘገብኩ።

ምርጫው ሊደርስ ሲል አከራያችን ኪራይ ጨመሩ። ልጄ ዕቃዋን ጭና ሱሉልታ ገባች፤ እኔም ከጄሪካኖቹ ጋር።

በምርጫው ዕለት ማልጄ በታክሲ ቡራዩ ተመለስኩ። ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆሙት «ኦቦ» እያልኩ የምጠራቸው የድሮ ጎረቤቴ ናቸው፤ በቅርቡ ቤታቸውን ሸጠው ተፍኪ ገብተዋል።

«ኦቦ፣ እርስዎም ለውሃው ነው?»

«የለም፣ ለመንገዱ ነው።»

«ተፍኪ ሆነው የቡራዩ መንገድ ምን ያደርግልዎታል?»

«ለቅሶ ስመጣ ወገቤን እንዳይንጠኝ።»

ከኋላዬ ያለችው ልጅ ሳቀች። ለካ እሷም ሥራ አግኝታ ገላን ገብታለች።

«ኧረ እዚህ ሰፈር የሚኖር ሰው የለም?» አልኳት።

«ሞልቷል እማማ። ገና ስድስት ወር ስላልሞላቸው ቤታቸው ልብስ እያጠቡ ነው።»

መርጬ ስወጣ የድሮ ቤታችንን ሳላይ አላልፍም ብዬ ጎራ አልኩ። አዲሷ ተከራይ ከሰበታ የመጣች ናት። ልትመርጥ ሰበታ ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች አገኘኋት። ስልክ ተለዋወጥን።

ሰውየው አሸነፈ፤ እግዜር ይስጠው፣ ውሃውንም አመጣ። ደውላ የነገረችኝ ያቺው ተከራይ ናት።

«እማማ፣ ቀን ከሌት ይፈሳል። ይምጡና ይቅዱ እንጂ» አለችኝ።

እኔ ያን ጊዜ ሱሉልታ ቦኖ ውሃ ጋ ጄሪካን ይዤ ተሰልፌ ነበር።

«አንቺው ጠጪው፣ ልጄ» አልኳት። የእኛንም አንዱ ከዚህ ለቆ ሰበታ የገባ ሰው መርጦልን ይሆናል።