ዲቪ ደረሰኝ፣ አስራ ሁለተኛን ግን አልጨረስኩም

ዛሬ ቴፒ ኢንተርኔት ቤት ቁጥሬን አስገብተን ስናይ ዲቪ ደርሶኛል! እናቴ እልል እያለች ለጎረቤት ልትናገር ሮጠች። እኔ ግን ዲቪ አስራ ሁለተኛ የጨረሰ እንደሚፈልግ ትዝ አለኝ።

"ጋሼ፣ ትምህርት የሚለው ላይ ምን ብለው ነው የሞሉልኝ?" አልኩት ፎርሙን የሞላልኝን የኢንተርኔት ቤቱን ባለቤት።

"አስራ ሁለተኛ ጨርሳለች ብዬ ነዋ! ለሁሉም ሰው እንደዛ ነው የምሞላው።"

እኔ እኮ ከሒሳብ አስተማሪው ጋር ተጣልቼ ከአስረኛ ነው ጥዬ የወጣሁት! ኪቦርዱን ልወረውርበት ትንሽ ነው የቀረኝ።

"ችግር የለም፣ ሰርተፍኬት እናሰራልሻለን" ይለኛል ደግሞ። በሐሰት ወረቀት ብያዝስ? ዕድሜ ልኬን አሜሪካን በካርታ ላይ ነው የማያት።

እናቴ እሁድ ቸርች ወጥታ ልትመሰክር ነው። እውነት ከኤምባሲው በላይ እሷን ፈራሁ።

እንደኔ ሳይጨርስ ዲቪ የደረሰው አለ? ምን አደረጋችሁ? ጻፉልኝ። እናቴ ፌስቡክ የላትም፤ የሰፈር ልጆች፣ ፎርሙ በሐሰት እንደተሞላ እኔ ራሴ እስክነግራት አፋችሁን ያዙልኝ።